አሳ የማይበሉት አያ ባፈና

አያ ባፈና አሳ አይበሉም። ይህን አስቀድሜ ልጻፈው። በኋላ ስለ አሳ ብዙ ስለምጽፍ፣ አንባቢ አሳ ወዳድ ነበሩ ብሎ እንዳያስብ ነው።

የበለሳ ሰው ናቸው። በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት በሰፈራ ወደ ቋራ ቆላ ሲወርዱ አሳ በዓይናቸው አይተው አያውቁም ነበር። መጀመሪያ ያዩት አምባዛ ነው። ጢሙን አዩና «ይህስ ሰው ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው» ብለው ትተውት ሄዱ። ሚስታቸው እታ ታንጉት ግን ደንቢያ፣ ጣና ዳር ነው ያደገችው፤ ትበላለች። ስለዚህ ቤታቸው ውስጥ ሁለት ድስት ነበር።

መንደራችን ከገለጉ ከተማ በእግር ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ከመንደሩ በታች ዶቃ ውሃ የምንላት ትንሽ ወንዝ አለች። ክረምት ከትልቁ ወንዝ ጋር ትገናኝና ሞልታ ሜዳው ላይ ትተኛለች። ውሃው የሚተኛበትን ሜዳ ከሱዳን ጋር የሚነግዱት ማያ ይሉታል፤ እኛም ማያ አልነው። ቀድሞ አሳው በክረምት ከትልቁ ወንዝ በዶቃ ውሃ እየወጣ ማያው ሣር ውስጥ እንቁላሉን ይጥላል። ውሃው ሲሸሽ ትንንሹ ሁሉ መሐል ወዳለው ጥልቅ ኩሬ ይሰበሰባል። በጋውን ሰውም ከብቱም አሳውም በዚያች ኩሬ ይከርማል።

ከዚያ ዶዘር መጣ። የማን እንደነበር እንጃ፤ ማያውን አድርቀን ሰሊጥ እንዘራበታለን አሉ። ዶዘሩ ጠመዝማዛዋን ዶቃ ውሃ አፈር ደፋባትና ከጎኗ እንደ ክር የቀጠነ ቀጥ ያለ ቦይ ቆፈረ። ሰሊጡ ጥቁሩ አፈር ላይ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ዶዘሩ ሄደ። ቦዩ ግን አልሄደም። ክረምቱ ሲመጣ ውሃው በቦዩ እየጮኸ ያልፋል፤ ማያው ላይ የሚቀረው እዚህም እዚያም ያቆረ የዝናብ ውሃ ነው። አሳ የለበትም፤ ትንኝ አለበት።

ጊዜው የመንደር ምሥረታ ጊዜ ነበር። በጥቅምት ጓድ ፈረደ የሚባሉ የኮሚቴ ሰው መጡ። ያቆረውን ውሃ አዩ፣ በየቤቱ ወባ የያዘው ሲንቀጠቀጥ አዩ። ከዚያ ሰበሰቡንና መንደሩ ወደ መኪናው መንገድ ይዛወራል አሉ።

አያ ባፈና ተነሡ። ስብሰባ ላይ ተናግረው አያውቁም።

«እኔ አንድ ጊዜ ተዛውሬያለሁ» አሉ።

«እና?»

«ይበቃኛል።»

«አባት፣ ይህ እኮ ለጤናዎ ነው።»

«ሁለቴ የተነቀለ ችግኝ አይጸድቅም፣ ጓድ።»

«እርስዎ ችግኝ አይደሉም።»

«አይደለሁም» አሉ አያ ባፈና። «ወባው የባሰው አሳው ከቀረ ወዲህ ነው። አሳው የትንኙን ጫጩት ይበላል። ሚስቴ ናት የነገረችኝ።»

እታ ታንጉት ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች።

ጓድ ፈረደ ሳቁ። ክፉ ሰው አልነበሩም። «እንግዲያው መንገድ ዳር ያለው ቦታ ተለክቶ እስኪመነጠር ዓመት ይወስዳል። በከርሞ ሚያዝያ እመለሳለሁ። ውሃችሁ ውስጥ አሳ ካሳያችሁኝ መንደሩ እዚሁ ይቆያል» አሉና ሄዱ።

አያ ባፈና በዚያው በጋ ሥራ ጀመሩ። በለሳ ሳሉ እርከን ይሠሩ ስለነበር ድንጋይ መካብ ያውቃሉ። የቦዩን አፍ ዘጉት። ካቡ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው የሚመስል። የሚያልፍ ሰው «አያ ባፈና፣ ደጀ ሰላሙ በየት በኩል ነው?» ይላቸዋል።

«ገና ነው» ይላሉ።

ሐምሌ ላይ ውሃው መጣ፤ ካቡም ቻለው። ውሃው ወደ ማያው ዞሮ ሣሩ ላይ ተኛ። ሁላችንም ወርደን አየን። አያ ባፈና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ፤ ሲመሰገኑ እንደዚያ ነው የሚቆሙት። ከዚያ ኩብራ መጣች። ኩብራ ድንበር እየተሻገረች ስኳርና ሳሙና የምታመጣ ጎረቤታችን ናት፤ እዚያው ቆላ ተወልዳ ያደገች። ከካቡ በታች ወርዳ አየችና ጠራቻቸው።

«አያ ባፈና፣ ይምጡ እስቲ ይዩ።»

ከካቡ ሥር አሳው ተደራርቧል። ይዘላል፣ ድንጋዩን ይመታል፣ ይወድቃል። እግራቸው ረጃጅም የሆኑ ወፎች ዳር ቆመው ሳይቸኩሉ ይለቅማሉ።

«ከላይ ውሃ አለ፣ አሳ ማፊ» አለች ኩብራ። «ከታች አሳ አለ፣ ውሃ ማፊ።» ማፊ የለም ማለት ነው፤ ከሱዳኖች የያዝነው ነው።

«ምነው ዘሎ አይሻገርም? ካቡ እኮ ደረቴን እንኳ አያልፍም።»

«አሳ ነው እኮ፣ አያ። ፍየል አይደለም።»

አያ ባፈና ካቡን በእጃቸው ዳበሱ። «በለሳ ካብ የምንሠራው አፈሩ እንዳይሄድብን ነው» አሉ። «ወደ ላይ የሚመጣ ነገር የለም።»

ኩብራ አሮጌዋ ዶቃ ውሃ ካልተከፈተች አሳው መውጫ የለውም አለች። ግን ዶዘሩ ስለደፈናት የት የት እንደምትጠማዘዝ ሰው ረስቷል። አያ ባፈና ሜዳው ላይ ወዲህ ወዲያ ሲሉ እታ ታንጉት ከቤቷ ደጃፍ ሆና ጮኸችላቸው።

«አንተ ሰው፣ ግራሩን ተከተል እንጂ። ግራር ያለ ውሃ በሰልፍ አይቆምም።»

እውነቷን ነው፤ ግራሩ እየተጠማዘዘ እስከ ትልቁ ወንዝ ይወርዳል። የሚቆፍር ሰው ግን አልተገኘም። የአረም ጊዜ ነው፤ ማሽላውን ትቶ ለአሳ ደቦ የሚወጣ የለም። ሰው እጁን አጣጥፎ የሚቀመጠው በበዓል ቀን ነው፤ በበዓል ደግሞ መሬት አይቆፈርም። አያ ባፈና ቄስ አዛናው ዘንድ ሄዱ። እኔም ሌላ ጉዳይ ነበረኝና እዚያ ነበርሁ።

«አባ፣ በሬ በሰንበት ገደል ቢገባ አይወጣም?»

«ይወጣል እንጂ። ወንጌል ነው።»

«አሳስ?»

«አሳው ምን ውስጥ ገባ?»

«ከካቤ ሥር።»

ቄስ አዛናው ጢማቸውን ያዙ። «ካቡን ማን ካበው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ኃጢአትህን ልታወጣ ነው። ቆፍር፤ ግን ዘር እንዳትጥልበት።»

በሚካኤል ቀን፣ በማርያም ቀን፣ በመድኃኔዓለም ቀን ወጣን። በበዓል አካፋ መያዝ ነውር ስለሆነ መጀመሪያ ሰው እያፈረ ነበር፤ በኋላ ለመደው። የእታ ታንጉት ወንድም ማሩ ቀጥ አድርገን ብንቆፍር ይቀለናል ብሎ ነበር። አያ ባፈና ወደ ቦዩ በእጃቸው አሳዩት።

የተደፈነውን ከፍተን ስንጨርስ ውሃው ቀይ ሆኖ ገባ፤ ቀስ ብሎ ነው የሚሄድ። አሳው ሲገባ ብዙዎቻችን አላየንም። ሣሩ ሲነቃነቅ ነው ያየነው። ነፋስ አልነበረም።

በዚያ ዓመት ጥቅምት የሚንቀጠቀጠው ሰው አነሰ። አሳው ይሁን እግዜር እኔ አላውቅም።

ሚያዝያ ሲገባ ጓድ ፈረደ ይመጣሉ ተባለ። ኩሬው ውሃ አለው፤ ግን ወተት እንደገባበት ሻይ ደፍርሷል፤ ውስጡ አይታይም። አያ ባፈና ጠዋትና ማታ ዳር ይቆማሉ። አንዳንድ ጊዜ ቡል ይላል። ቡል የሚል ነገር ለኮሚቴ አይበቃም።

«መረብ እንጣል ይሆን?» አለቻቸው ኩብራ።

«ካልገባስ? ሰውዬው ባዶ መረብ አይቶ ሊሄድ?»

ፋሲካ ዘግይቶ ነበርና ገና ሁዳዴ ነው። ማሩ በጾም ለእንግዳ ፍየል ስለማይታረድ አሳ ይቅረብ ብሎ አሰበ። ለማንም አልነገረም። እንግዶቹ በሚመጡበት ቀን ጎሕ ሲቀድ ከደንቢያ ያስመጣውን የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ኩሬው ላይ ነሰነሰው። ብርብራ አሳን ያሰክራል፤ አገራቸው እንደዚያ ነው የሚያጠምዱ።

ስንደርስ ኩሬው ነጭ ሆኗል። ቆሮሶው፣ አምባዛው፣ ትንሽ ትልቁ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተንሳፍፏል።

«ማሩ፣ ይህ ምንድን ነው?» አሉ አያ ባፈና።

«ለእንግዶቹ ነው።»

«ስንት ናቸው?»

«ጓድ ፈረደና ሾፌራቸው።»

አያ ባፈና ኩሬውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። እታ ታንጉት ወንድሟን «አንተ ደንቆሮ» አለችው። «ብርብራ በሚፈስ ወንዝ ነው። ወንዝ ሲሆን መድኃኒቱ ያልፍና የቀረው አሳ ይነቃል። ኩሬ ወዴት ያልፋል?» ማሩ ይህን አላሰበውም ነበር። የጣና ዳር ሰው ውሃ የሚያልቅ ነገር አይመስለውም።

መኪናው ያን ጊዜ ደረሰ። ጓድ ፈረደ ወርደው ኩሬው ዳር ቆሙ።

«ይህ ሁሉ እዚህ ውስጥ ነበር?»

«ነበር» አሉ አያ ባፈና።

«እኔ እኮ አንድ ሁለት ቢያሳዩኝ ብዬ ነው የመጣሁ። ለምንድን ነው የተገለበጠው?»

«ለእርስዎ ነው» አለ ማሩ።

ከዚያ ተበላ። ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ታጠበ፣ ሁለት ጊዜ ተቀመጠ። ጓድ ፈረደ እጃቸውን ሲያደርቁ አያ ባፈናን ጠሩ።

«አባት፣ ቃሌን አላጥፍም። ግን እንደሚያውቁት መንገድ ዳር ቦታው ተመንጥሯል፣ ቆርቆሮውም ወርዷል። ሰው ከሌለበት እጠየቃለሁ።»

«እና?»

«በክረምት ተመልሶ የሚመጣው አሳ የሕዝብ ሀብት ነው። ጠባቂ ያስፈልገዋል። እርስዎና ባለቤትዎ ይቆያሉ።»

«ሌላውስ?»

«ሌላው ይዛወራል።»

ግንቦት ላይ ተዛወርን። አያ ባፈና እያንዳንዳችንን በእጅ እየያዙ መኪናው ላይ አወጡን። መንደሩ ውስጥ የሚጨስ ቤት የእሳቸው ብቻ ቀረ። ሰው የለ፣ ደቦ የለ፣ ሲሞቱ የሚቀብራቸው የለ። አለመነቀሉ እንደዚህ ይሆናል ብለው አላሰቡም መሰለኝ።

በክረምቱ ማሩ ሊጠይቃቸው ሄደ። አሳው እንደ አምናው በዶቃ ውሃ ወጥቷል። አያ ባፈና ግን ስለ አሳው ብዙም አላወሩም። በማግስቱ ከማሩ ጋር ገለጉ ድረስ በእግራቸው ሄደው ጓድ ፈረደ ቢሮ ገቡ።

«ጓድ፣ ብርብራ የሚነሰንስ ሰው አለ» አሉ። «ብርብራ የሚያውቅ ጠባቂ እፈልጋለሁ።»

ማሩ ተመለሰ። ቀጥሎ፣ ወፎቹን የሚያባርር ያስፈልጋል ብለው ኩብራን አስመለሱ። ቀጥሎ፣ ጠባቂ ያለ ቄስ በበዓል አይቆፍርም ብለው ቄስ አዛናውን። ሌላውም እንዲሁ በየሰበቡ ተመለሰ። እኔ የተመለስሁት ፊደል ስለቆጠርሁ የአሳውን ነገር ይጽፋል ተብዬ ነው። እስከ ዛሬ ከዚህ ሌላ አልጻፍሁም።

በሁለተኛው ዓመት ጓድ ፈረደ ራሳቸው መጡ። በየቤቱ ጢስ አዩ።

«አባት፣ ለአንድ ኩሬ ይህ ሁሉ ጠባቂ?»

«ማያው ሰፊ ነው፣ ጓድ።»

«ሁሉም ጠባቂ ከሆነ ታዲያ ከማን ነው የሚጠበቀው?»

አያ ባፈና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ። «ምሳ ደርሷል» አሉ።

ሾፌሩ ቀድሞ ገባ። ጓድ ፈረደም ትንሽ ቆመው ተከተሉት። ሲወጡ ስለ መዛወር አላነሡም፤ ከዚያም በኋላ ያነሣብን የለም።