እህቴ ሙያዋን የመረጠችበት ሳምንት

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የወጣ ዕለት ታላቅ እህቴ ስልኩን አይታ ለአባታችን ሰጠችውና ወደ ጓሮ ወጣች። አባታችን ማንበብ ስለማይችል ስልኩን ለእኔ አቀበለኝ። አላለፈችም። እኔ ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። በቤታችን ከእሷ በላይ ጥናት የሚወድ ሰው ስላልነበረ የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግሜ አየሁት።

የምንኖረው በሸዋ ሮቢትና በጀውሃ መካከል፣ ሽንኩርትና ማሾ በሚመረትበት ቆላ ነው። ዘመድ ሁሉ ምክር ይዞ መጣ። አጎታችን የግል ኮሌጅ ትግባ አለ፤ ምን ትማር ሲባል ግን እሱን እዚያው ይነግሯታል አለ። አክስታችን ዓረብ አገር ያለችው ልጇ ልትወስዳት እንደምትችል ነገረችን። አባታችን ፈተናውን ትድገም ባይ ነበር። እህቴ ሁሉንም በጥሞና አዳመጠችና አንድ ሳምንት ብቻ እንዲሰጧት ለመነች።

በዚያ ሳምንት ያደረገችውን እስከ ዛሬ አደንቃለሁ። በየማለዳው ፀሐዩ ሳይበረታ ደብተሯን ይዛ ወንዙን ተከትላ ትወርዳለች። ያገኘችውን ገበሬ ሁሉ፣ እየፈለጋችሁ የምታጡት ባለሙያ ምን ዓይነት ነው እያለች ትጠይቃለች። አንዳንዱ ሳቀባት፤ ብዙዎቹ ግን ሥራቸውን አቁመው አጫወቷት። ሳምንቱ ሲያልቅ የጻፈችውን ለአባታችን አነበበችለት። አንዱ የከብት ሐኪም፣ ሌላው ግንበኛ ብሏል። አብዛኛው የፈለገው ግን የውሃ ሞተር የሚጠግን ሰው ነው። ሞተር ሲበላሽ ከተማ ድረስ ይጫናል፣ ወረፋ ይጠበቃል፣ እስኪመለስ ሽንኩርቱ ይጠወልጋል። እሱን ልማር አለችው።

«ይሄ እኮ የወንድ ሥራ ነው» አላት አባታችን።

«አባዬ፣ አንተንም ጠይቄህ ነበር። ረቡዕ ዕለት የምናጣው የሞተር ጠጋኝ ነው ብለኸኛል» አለችው።

በማግስቱ ግን ራሱ ወደ ከተማ ይዟት ሄደ።

ሸዋ ሮቢት ውስጥ በሞተር ጥገና የታወቁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሴት ልጅ አስተምሬ ልትደርስልኝ ስትል አግብታ ትሄድብኛለች ብለው መጀመሪያ እምቢ አሉ። እሷ ጠዋት ጠዋት ቴክኒክና ሙያ እየተማረች፣ ከሰዓት በኋላ ከእሳቸው ደጅ አልጠፋ አለች። በመጨረሻ ቢቀበሏትም ወር ሙሉ የተፈታ ዕቃ በናፍጣ ከማጠብ በቀር ምንም አላስነኳትም። አንድ ቀን ግን እያንዳንዱን ዕቃ ከማጠቧ በፊት ደብተሯ ላይ እንደምትሥለው አዩ። ከዚያ ወዲህ ራሷ እንድትፈታ ፈቀዱላት።

እኔ ያኔ ያደረግሁትን መደበቅ አልፈልግም። ከክፍል ጓደኞቼ ጋር በአስፋልቱ ስንሄድ፣ ዘይት የጠጣ ሰማያዊ ቱታ ለብሳ ከፊታችን መጣች። ፊቴን ወደ ሱቅ አዙሬ አለፍኳት።

በሁለተኛው ዓመት በጋ የአንድ ጎረቤታችን ሞተር ይነሣል፣ ውሃ ግን አላወጣ አለ። ሁለት ሰዎች ፈትተው ቢገጥሙትም ያው ሆነ። የከተማው ሽማግሌ ደግሞ ታመው ተኝተዋል። አባታችን ልጄን ልጥራልዎት ሲላቸው፣ ጎረቤታችን መሬት መሬት እያዩ እሺ አሉ። እኔም አብሬ ሄድኩ፤ ግማሹ ሰፈር እዚያ ቆሞ ነበር።

እህቴ ሞተሩን አልነካችውም። እንዲያስነሡት አድርጋ ድምፁን አዳመጠች። ከዚያ ሳሙና አስመጥታ፣ ከወንዙ ውሃ የሚስበውን ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ አረፋ ትቀባው ጀመር። አንድ ቦታ ላይ አረፋው ወደ ውስጥ ተሳበ።

«ጋሼ፣ ሞተርዎ ምንም አልሆነ። አየር የሚያስገባው ቱቦው ነው» አለቻቸው።

ስንጥቁን በካላማዳሪያ ጎማ ጠቅልላ በሽቦ አጥብቃ አሰረችው። ቱቦውን ውሃ ሞልታ ሞተሩን ስታስነሣው፣ ውሃው መጀመሪያ ተንተፋተፈ፣ ኋላ በኃይል ወደ ቦዩ ወረደ። ጎረቤታችን የመጀመሪያው መደብ እስኪጠጣ ቆመው አዩ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ልጄ፣ የሚያጭሽ ሰው ቢመጣ ከዚሁ ሰፈር ይሁን። ከእኛ እንዳትርቂ።»

ስንመለስ፣ ያን ቀን አውቄ ፊቴን ማዞሬን ነገርኳት። «አይቼሃለሁ» አለችኝ። «የአስተማሪዬ መፍቻ ጠፍቶብኝ እየፈለግሁ ነበር፤ ለመቀየም ጊዜ አልነበረኝም።»

ዛሬ እኔ ዲግሪዬን ይዤ ጣርማ በር አካባቢ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ ነገር ግን የትምህርት ክፍሌን የመረጥኩት ጓደኞቼ ስለመረጡት ነው። አንድ ሰው እንኳ ጠይቄ አላውቅም። እሷ አስፋልቱ ዳር የራሷ ጋራዥ አላት፤ ከማጀቴ ከተማ ድረስ ሞተር ጭነው ይመጡላታል። አግብታ ሁለት ልጆች ወልዳለች።

ባለፈው ክረምት ልጠይቃት ስሄድ ታናሽ ልጇን አዝላ መጽሐፍ ስታገላብጥ አገኘኋት። ናፍጣ እየተወደደ ሲሄድ ገበሬው በፀሐይ ኃይል ወደሚሠራ ፓምፕ መዞሩ እንደማይቀር ስላየች፣ ማንም ሳይነግራት ሥልጠና ተመዝግባለች። የፀሐይ ሰሌዳው በእኛ ቆላ ሙቀት ሲግል ኃይሉ ለምን እንደሚቀንስ ጠየቀችኝ። አንብቤ እነግርሻለሁ አልኳት። በሦስተኛው ቀን መልሱን ይዤ ስደውልላት ቀድማኝ አግኝታው ነበር፤ እኔ ያላነበብኩትንም ጨምራ አስረዳችኝ።