የመሸታ ቤቱን ሁሉ የምታውቀው አቻምየለሽ

ፍኖተ ሰላም ላይ ከአውቶቡስ ወርዳችሁ «ደህና ጠጅ የት ይገኛል?» ብትሉ፣ ሹፌሩም ነጋዴውም «አቻምየለሽን ጠይቁ» ነበር የሚላችሁ። እንግዲህ ይሄ በሃምሳዎቹ ማለቂያ ግድም ነው። አቻምየለሽ ማለት ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ የማር ቅሏን አስቀምጣ የምትውል፣ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ የምትከናነብ የባላገር ሴት ናት። ጠጅ ባፏ ዞሮ አያውቅም። ሰዉ በዚህ ይስቅባት ነበር፤ የሚያስቅ ነገር ግን አልነበረውም።

«እትዬ እጅጉ ቤት ግቡ» ትላለች፣ እንግዳውን ቀና ብላ ሳታይ። «ጠጇን አትበርዝም። አዝማሪ ካማራችሁ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው፤ ተሳዳቢ ነውና እንዳታኮርፉ። ማሾ ያበራው ትልቁ ቤት ይቅርባችሁ፣ ጌሾ አብዝተው ራስ ያሳምማሉ። በርበሬ የምትገዙ ከሆነ የማንኩሳውን ግዙ። እፍኝ ሙሉ ጨብጡት፤ ካልተንኮሻኮሸ እርጥብ ነው፣ ተዉት። ኩታ ለምትፈልጉ ቅዳሜ ጠብቁ።»

እንግዳው አመስግኖ ሊሄድ ሲል ታዲያ ነጠላውን ያዝ ታደርገዋለች። «የምትገቡበት ቤት ሸጋዬ የምትባል ልጅ ብታገኙ፣ እናትሽ እዚህ አለች በሉልኝ።»

ሸጋዬ አንድ ልጇ ናት። ማንኩሳ ድረዋት ነበር። ባሏ በጅራፍ ሲገርፋት አምልጣ እናቷ ቤት መጣች፤ አባቷ አድማሴ በማግስቱ በቅሎ ላይ አስቀምጦ መለሳት። ወግ ነው፣ ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ምናምን ብሎ። አቻምየለሽ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ በር ላይ ቆማ አየች እንጂ አንዲት ቃል አልወጣትም። ልጅቱ ሁለተኛ ስታመልጥ ወደ እናቷ ቤት አልመጣችም። ከተማ ገባች፣ መሸታ ቤት ትቀዳለች ተባለ። አድማሴ «እኔ ልጅ የለኝም» አለና ተገላገለ። ወንድ ምን አለበት!

አቻምየለሽ ግን ከጓሮ ቀፎ ማሯን ቆርጣ ወጣች። ጠጅ ቤት ያለ ማር አይሆንም፤ ማር ሻጭን ደግሞ ከበር የሚመልስ የለም። እንዲህ አድርጋ ነው ከደምበጫ እስከ ቡሬ ያለውን ቤት ሁሉ የገባችበት። ማር እያስቀመሰች ዓይኗ የቀጂዎቹን ፊት ይለቅም ነበር። «ቀይ፣ ቀጭን፣ ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት ያላት» ብላ ትጠይቃለች። ግንባሯን ያልተነቀሰች የጎጃም ልጅ የት አለችና!

መሸታ ቤት የገባች ልጅ ስሟን እንደምትቀይር አቻምየለሽ አጥታው አይዶለም። አንድ የማይቀየር ስም አለ፤ የክርስትና ስሟ። አስካለ ማርያም። ይህን ስም ግን ለሰው አትናገርም። የአቻምየለሽ እናትም የእሷን እንዲሁ ደብቃ ነው ያሳደገቻት። ጠጅ ቤት ደግሞ ደብተራ አይጠፋም፤ አንዱ ሰምቶ በስሟ ቢደግምባትስ? ልጄን ያሳበድኳት እኔ ልሆን ነው ትላለች። ስሙን እንደ ክታብ አንገቷ ውስጥ ይዛ ትዞራለች።

አንድ ክረምት ቡሬ፣ ወይዘሮ ሀብትነሽ ቤት ገባች። ሀብትነሽ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ደግ ሴት ናት። ሰው ሞልቷል፤ አዝማሪው ይጮኻል። አቻምየለሽ እንደልማዷ በሀብትነሽ ጆሮ ጠየቀች።

«ሸጋዬ? ኧረ እኔ ቤት ሸጋዬ የምትባል የለችም እናቴ» አለች ሀብትነሽ።

ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከጓዳ፣ ሰው አንጀቱ እስኪበጠስ ያስላል። አቻምየለሽ ወደ መጋረጃው ዞረች።

«ማናት እሷ?»

«አደይ የምትባል ልጅ ናት። ንዳድ ይዟት ከተኛች ሰነበተች።»

«ይችን ማር በዝንጅብል አድርገሽ አልሺያት። የሰው ልጅ ናት» ብላ ከቅሏ ቀንሳ ሰጠች። መኪናው ጥሩምባውን ሲነፋ ነጠላዋን ሰብስባ እየሮጠች ወጣች።

ከዚያ በኋላ መስከረም ጠባ፣ ጥቅምት አለፈ። ማሩ እያለቀባት፣ ጉልበቷም እየከዳት መጣ። ክንዱ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ብዙ ጊዜ ቡሬ ድረስ ያሳፈራት ሰው ነው። አንድ ቀን አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ «እትዬ አቻምየለሽ፣ አይቆጡኝ» አላት። «እነዚህ ልጆች የቤት ስማቸውን በር ላይ ጥለውት ነው የሚገቡት። እርስዎ በተጣለ ስም ነው የሚፈልጓት። ሊጥሉት የማይቻል ስም የላትም?»

ደብተራ ደገመባት አልደገመባት፣ ከዚህ የባሰ ምን ይመጣል? እያለች ስታብሰለስል ዋለች። በማግስቱ የክንዱ መኪና ላይ ወጣች። ቡሬ ስትደርስ ደግነቷን ታውቃለችና መጀመሪያ የሀብትነሽን ቤት አንኳኳች።

ቀን ስለሆነ ቤቱ ባዶ ነው። ሀብትነሽ ብርሌ ታጥባለች። አቻምየለሽ ጠጋ ብላ፣ ማንም ሳይኖር ማንም እንዳይሰማት፣ በጆሮዋ አስካለ ማርያም አለቻት።

የሀብትነሽ እጅ ውሃው ውስጥ ቀረ።

«ማን ነገረዎት ይሄን ስም?»

«እኔ ነኝ ክርስትና ያስነሳኋት። እናቷ ነኝ።»

ሀብትነሽ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ቄሱ ሲያናዝዟት ነው የተናገረችው» አለች፤ «በዚሁ ስም ፍትሐት ተደርጎላት ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተቀብራለች፣ እርስዎ በመጡ በሳምንቱ። እዚህ ቤት ግን አደይ ነበር የምንላት።»

አቻምየለሽ አላለቀሰችም። «ያቺ የምታስለው?» አለች።

«እሷ ናት።» ሀብትነሽ ፊቷን በቀሚሷ ሸፈነች። «ማሩን አላስኳት። ስትቀምሰው ቀና አለች። ይሄ የናቴ ቀፎ ማር ነው፣ እናቴ መጥታለች፣ መጋረጃውን ግለጡልኝ ብላ አለቀሰች። እኛ ንዳዱ ነው የሚያስቀባዥራት አልን። ቢሆንም ገለጥንላት። እርስዎ ግን ሄደው ነበር።»

አቻምየለሽ ወደ ጓዳው ገባች። መደቡን በእጇ ዳሰሰችው። መጋረጃው ያው ስስ አቡጀዲ ነው፤ አንድ ሰው «አስካለ ማርያም» ቢል ሳይጮህ ይሰማል። ስንቱን ደብተራ ፈርታ፣ ስንት አገር ዞራ፣ ከዚች ከአንድ ክንድ ጨርቅ ወዲህ ቆማ አልተናገረችውም። እዚያው መደቡ ላይ ተደፍታ ያን ጊዜ ጮኸች። ጎረቤቱ ሁሉ ስሙን ሰማ።

አገሯ አልተመለሰችም። ፍኖተ ሰላም ያቺው ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። እንግዳም እንደ ድሮው ይጠይቃታል፤ እሷም ትነግራለች፤ የጠጁን፣ የበርበሬውን፣ የኩታውን። ሸጋዬን ብታገኙ ማለቱን ብቻ ተወች።

አንድ ቀን ቡሬ የሚያድሩ ነጋዴዎች፣ «እትዬ፣ እዚያስ የት ይሻለናል?» አሏት።

«ሀብትነሽ ቤት ውረዱ» አለቻቸው። «ጠጁ ጥሩ ነው፣ ሴትዮዋም ደግ ናት። ከጓዳ የሚያስል ሰው ከሰማችሁ ግን መጋረጃውን ሳትገልጡ አትውጡ።»