የነጂብ አንደበት

ትናንት ድራማ በምንቀርጽበት ቤት ልብስ ሰፊው የኮቴን እጅጌ ሊያሳጥር የስፌት መኪናውን ረገጥ ሲያደርገው፣ ድምፁ ሳላስበው ከአዲስ አበባ አንሥቶ ሐረር፣ መኪና ግርግር ሰፈር፣ የጓደኛዬ የነጂብ አባት ሱቅ ደጃፍ ላይ አስቀመጠኝ።

ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በተርታ ከሚንጫጩት የስፌት መኪናዎች ነው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ነጂብና እኔ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጠን በመኪናው ምት ራፕ እንለማመድ ነበር። እኔ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፣ እሱ ጮክ ብሎ ይለዋል። ነጂብ ተብታባ ነበር፤ ዳቦ ሊገዛ ሄዶ "ዳ" ላይ ሲያዝና ጭኑን በጥፊ ሲመታ፣ ባለሱቁ ዳቦውን አውጥቶ ይጠብቀዋል። ምቱ ሲገባለት ግን ቃሉ እንደ ውሃ ይፈስሳል። አባቱ "ሥራ አስፈታችሁኝ!" እያሉ ይቆጡናል፤ ግጥሙ ሲሞቅ ደግሞ እግራቸው ሳይታወቃቸው ይፈጥናል፤ በዚያ ሰበብ የስንቱ ሱሪ ተጣሞ እንደተሰፋ ቤት ይቁጠረው።

አባቴ በሞተ ዓመት ስለ እሱ አንድ ግጥም ጻፍኩ። ለነጂብ ብቻ አነበብኩለት፤ አለቀሰ። ብዙም ሳይቆይ "ድሬዳዋ አክስቴ ጋ ልሂድ" ብሎ ጠፋ። ከወራት በኋላ እዚያው ሐረር፣ ሸዋ በር ከቆመ ሚኒባስ ውስጥ ስለ አባቴ የጻፍኩትን ግጥም በነጂብ ድምፅ ሰማሁት። ሬዲዮ ላይ ማን እንደጻፈው ሲጠይቁት "እኔ" አለ፤ አጭር ቃል ስለሆነች አልተያዘባትም። የእሱ አባት እኮ በሕይወት ተቀምጠው ልብስ ይሰፉ ነበር!

ለካ አዲስ አበባ ዘልቆ ኖሯል፤ ተከትዬው ገባሁ። ሁለት ዘፈን አወጣሁ፤ "የነጂብ ግልባጭ" አሉኝ። ይህን ከአንጀቴ አላወጣሁትም። ራፑን ትቼ ትወና ገባሁና፣ ከዓመታት በኋላ በቴሌቪዥን ድራማ ግጥም ሰርቆ የከበረ ዘፋኝ ሆኜ እንድጫወት ተሰጠኝ። ድርሰቱ ላይ ሰውዬው ደህና ነው የሚናገረው። መንተባተቡንና ጭን መምታቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አዘጋጁ "ከየት አገኘኸው?" ብሎ አቀፈኝ። አገር ሳቀ። እኔም ቤቴ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሳየው እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ነጂብ መድረክ ሲወጣ ታዳሚው ጭኑን እየመታ ይቀበለው ጀመር። ሦስተኛው መድረክ ላይ ማይኩን መሬት አስቀምጦ ወረደ፤ ሐረር ተመለሰ።

ባለፈው ዒድ ሐረር ፈላና በር፣ እነነጂብ ቤት ሄድኩ። ምን እዋሻለሁ፣ መሸነፉን በዓይኔ ለማየት ነበር የሄድኩት። እናቱ በር ከፈቱልኝ። ነጂብ ከኋላቸው ብቅ አለ፣ አየኝ፣ ጫማውን አጠለቀና በአጠገቤ አልፎ ወጣ።

"ሰላም እንኳ አይለኝም?" አልኩ።

"ወላሂ ልጄ፣ እኔንም አይለኝም" አሉኝ። "ሶፊ ገጠር፣ የወንድሜ እርሻ ላይ ነው የሚውለው። የሚፈልገው ነገር ካለ በእጁ ያሳየኛል።" ከበሩ ፈቀቅ አሉልኝና "ያንተን ድራማ ጎረቤት ቤት አይቼዋለሁ፤ ጎበዝ ነህ። ልጄን መሰልከኝ። በል ግባ፣ ዒድ ነው" አሉ።

ገብቼ ያቀረቡልኝን በላሁ። ግጥሜን ወስዶብኛል፣ እኔም የእጁን ሰጥቼዋለሁ፣ አልጸጸትም እያልኩ ለራሴ ስነግረው ቆየሁ፤ ዛሬም እላለሁ። ግን አንዳንዴ ስንኝ ይመጣልኛል። እጽፈዋለሁ፤ ከዚያ ጮክ ብሎ የሚልልኝ ሰው ያለ ይመስል ዞር ብዬ አያለሁ፣ ወረቀቱንም አጥፌ ኪሴ እከተዋለሁ።