ለዩሱፍ ያልነገርኩት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴም፣ ለልጄም። ስሰግድ እንኳ በግልጽ ቃል አላወጣሁትም። የምታነቡት ሰዎች አታውቁኝም፤ ምናልባት የደፈርኩት ለዚህ ይሆናል። ባሌን ዋሸሁት። ውሸቴም ገደለው።

ከጦርነቱ በኋላ ከድሬዳዋ ወደ ሀርጌሳ ስንገባ፣ 26 ጁን በሚባለው ሰፈር ያለው የዩሱፍ አባት ቤት ግድግዳው ብቻ ነበር የቀረው። ዩሱፍ ግንበኛ ነው፤ ቀን የሰው ቤት ይሠራል፣ ሲመለስ የራሳችንን። ጣሪያው እንዳለቀ አማቴ ሰው ፊት፣ «ቆርቆሮውስ ተመታ፤ ከሥሩ የሚያለቅስ ልጅ የት አለ?» አሉኝ።

በዚያው ሰሞን የዩሱፍ አንዱ የዘር ፍሬ አብጦ ጠጠረ። አያመውም። «አንቺ የድሬ ልጅ፣ ድንጋይ ስጠርብ ውዬ አንዱን ይዤ ገባሁ መሰለኝ» እያለ ይስቃል። እየጎተትኩ ሐኪም ቤት ወሰድኩት።

አዛውንቱ ሐኪም መርምረውት ሲጨርሱ፣ ዩሱፍ አፍሮ ቀበቶውን እያሰረ ወደ ግቢው ወጣ። የቀረሁት እኔ ነኝ። የሰማሁት እኔ ነኝ።

«ዕጢ ነው። ወጣት ወንዶችን ይይዛል፤ ስለማያም ያታልላል። ፍሬው በዚህ ሳምንት ይውጣ፣ ከዚያ ለሕክምናው አዲስ አበባ ይሂድ። ቶሎ ከተያዘ የሚድን ነው። ለመውለድም አንዱ ይበቃዋል። ንገሪው።»

አንዱ ይበቃዋል ያሉትን አላመንኩም። ወይስ ማመን አልፈለግሁም? ግቢው ውስጥ ዩሱፍ፣ «ምን አሉ?» ሲለኝ፣ «እብጠት ነው፤ አያስቸኩልም አሉ» አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ።

መጀመሪያ ልፀንስ፣ ከዚያ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ፀነስኩ። ነገርኩት? ደስታውን አየሁና ሌላ ቀን አልኩ። ወገቡን ሲያመው፣ ሲሚንቶ ስሸከም ነው አለ። ሳል ሲጀምረው፣ አቧራው ነው አለ። አቧራ እንዳልሆነ እኔ አውቅ ነበር። እኔ ብቻ አውቅ ነበር።

አዲስ አበባ ስንደርስ ሐኪሞቹ፣ «እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» አሉን።

«የሀርጌሳው ሐኪም ናቸው አያስቸኩልም ያሉን» አለ ዩሱፍ።

አጠገቡ ተቀምጬ ዝም አልኩ። እኚያን ሰው እስኪሞት ድረስ ሲረግማቸው ዝም አልኩ። ዛሬም ልጃችን ሂባ በደጃፋቸው ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች። እሷም የምታውቀው የኔን ውሸት ነው።

ለሐኪሙ ሄጄ እናገራለሁ። ለሂባም እናገራለሁ። ዩሱፍን ግን ይቅር በለኝ ማለት አልችልም። ሂባ ስትስቅ የእሱን ሳቅ እሰማለሁ፤ ያቺ ቀን ተመልሳ ብትመጣ እውነቱን እነግረው ነበር ብዬ ልምል ስል፣ መማል ያቅተኛል።