ከሆድ ወደ ጡት

የላቦራቶሪው ሠራተኛ ወረቀቱን በመስኮቱ አሳልፎ፣ «ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ ተገኝቶብሻል፤ ሐኪሙ ጋ ሂጂና መድኃኒቱን ዛሬውኑ ጀምሪ» አላት። እሷ ያሰበችው ስለ ራሷ አልነበረም። የአራት ወር ልጇ ከነጋ ሦስት ጊዜ ጠብቷል።

እዚያው ሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት። ዘጠኝ ዓመት አንሶላ ስታጥብ እጇ ተሰነጣጥቋል። የሥራ ጓደኞቿ ስሟን ትተው «በረኪና» ይሏታል፤ «ጥላዋን እንኳ ሳትዘፈዝፍ አታሰጣም» እያሉ ይስቁባታል። ማጠቢያ ቤቱ ሁለት በር አለው፤ በአንዱ የቆሸሸ ይገባል፣ በሌላው የታጠበ ይወጣል። አዲስ ሳለች የበሽተኛ አንሶላ በንጹሑ በር ይዛ ስታልፍ አለቃዋ በሰው ፊት ጮኸባት። ከዚያ ወዲህ በር ተሳስታ አታውቅም።

ሰውነቷንም እንደዚያው ቆጠረችው። ሆዷ ከታመመ ወተቷ በንጹሕ በር የሚወጣ ቆሻሻ ነው። ቤቷ ገብታ ጡቷን በሻሽ ጠፍራ አሰረች። ውሃ አፈላች፤ የዱቄት ወተት በጠበጠች። ልጁ ጡጦውን በምላሱ እየገፋ አለቀሰ።

«ኧረ ስጪው አንቺ!» አለ መካኒኩ ባሏ። «ነዳጅ እንዳለቀበት መኪና እየተንተፋተፈ'ኮ ነው።»

«ዝም በል አንተ! ደግሜ ልቅበር?»

ከሦስት ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልጃቸው በሰባት ወሩ በተቅማጥ ሞቷል። ያኔም ቀድማ የታመመችው እሷ ነበረች። ያኔም ጡቷን አስራ ነበር። ሁልጊዜ የሚቆጫት ግን ዘግይታ ማሰሯ ነው።

በማግስቱ ጡቷ ድንጋይ ሆነ። ልጁን አዝላ ሁለቱንም ልጆቿን ወዳዋለደቻት የሆስፒታሉ አሮጊት አዋላጅ ሄደች።

«ማን እሰሪ አለሽ?» አለች አዋላጇ ሻሹን አይታ።

«ሆዴን አሞኝ ነው እትዬ። ወተቱ ቢበክለውስ?»

«ስሚኝ የኔ ልጅ። አንጀትሽ ግድግዳ ውስጥ ጀርሙን ለይተው የሚያውቁ ሕዋሳት አሉ። ፀረ እንግዳ አካል የሚባል መከላከያ ያመርታሉ። ታዲያ ሁሉም እዚያው ጎጆ ቀልሰው አይቀሩም። በደም ተሳፍረው ወደ ሌላው አካልሽ ይሄዳሉ፤ እናት ስታጠባ ደግሞ ጡቷ ድረስ ይዘልቃሉ። ሆድሽ የተማረውን ወተትሽ ለልጁ ያደርስለታል።»

«ጀርሙስ አብሮ አይመጣም?»

«እሱ የሚመጣው በእጅ ነው። እጅ መታጠብ ደግሞ ላንቺ አይነገርም!» አዋላጇ ሳቀች፤ እሷ አልሳቀችም። አዋላጇ ሐኪሙ ያዘዘውን መድኃኒት ተቀብላ አየችው። «ይሄም ለሚጠባ ልጅ አይከፋም። ግን ዋስ አልሆንሽም። ያግዘዋል እንጂ የብረት አጥር አይሆንለትም። ካስቀመጠው ሮጠሽ አምጪው።»

ሻሹን ፈታች። ልጁ ጎርሶ ሲውጥ፣ በየጉንጩ ልቧ ይዘል ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ሽንት ጨርቁን የፈታችው ዓይኗን ጨፍና ነው። ባሏ «ተቅማጥ የለውም፣ ዓይንሽን ግለጪ» ሲላት እንኳ እጁን ይዛ ቆይታ ነበር የምታየው። ልጁን ተቅማጥ አልያዘውም።

አሁን በእግሩ ይሄዳል። አዋላጇን በየቀኑ ኮሪደር ላይ ታገኛታለች፤ ሰላም ይባባላሉ፣ ስለ ልጁ ይጫወታሉ። የፊተኛውን ልጇን ጡት ባትነሳው ኖሮ ይተርፍ እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልጠየቀቻትም።