የወልደ አማኑኤል ግንብና የደወሌ ጎርፍ

ወልደ አማኑኤል ድንጋይ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም። መንዝ፣ ሞላሌ አካባቢ ካሉት የድንጋይ ቤቶችና የእርሻ ካቦች ስንቱን እሱና መምህሩ ጋሼ ትዕዛዙ እንደሠሩት አገር ያውቃል። የባቡር ሥራ ተጀመረ ሲባል ግን መዶሻውን ይዞ ቆላ ወረደ። ደወሌ ላይ፣ ከጅቡቲ ጋር በሚያዋስነን ወንዝ የባቡር ድልድይ ይሠራ ነበርና የዳርቻውን ግንብ እንዲገነባ ተቀጠረ።

ጠቡም እዚያው ተጀመረ። የመንዝ ግንበኛ ለውሃ መውጫ ሳይተው ድንጋይ አይደረድርም፤ እሱም በሲሚንቶው ግንብ ላይ እንደ ልማዱ ቀዳዳ እየተወ ወጣ። አለቃው ሲያይ ደሙ ፈላ።

«ይሄ ግንብ ነው ወንፊት? ወንዙ ደረቅ፤ የምን ውሃ ነው የሚወጣው?»

ጎርፍ መጥቶ ግንቡ ከቆመ እንደሚጠራው፣ ከፈረሰ ግን በዚያ መስመር ሁለተኛ መዶሻ እንደማይጨብጥ ነግሮ አገሩ ሰደደው።

አገሩ ደግሞ ሳቅ ጠበቀው። «ውሃ በሌለው ወንዝ ላይ ድልድይ፣ በሌለው ውሃ ላይ ቀዳዳ!» እያለ ጠላ ቤቱ ሁሉ ተሳለቀበት። ይህን ሁሉ ቻለው። ያንገበገበው የጋሼ ትዕዛዙ ዝምታ ነበር፤ አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

በ2008 ዓ.ም. ነሐሴ፣ በገበያ ቀን፣ ሚስቱ ጥሩሸዋ ገብስ ስታሰፍር እሱ ጆንያውን ይዞላት ሳለ ስልኩ ጮኸ። ደወሌ አብሮት ይሠራ የነበረው የሸዋ ሮቢቱ ሰላሃዲን ነው።

«ወልዴ! ደራሽ ጎርፍ መጣ!»

ጆንያው ከእጁ አመለጠ። ገብሱ ተደፋ፤ ጥሩሸዋ መቆጣቱንም ረሳችው።

«ግንቡስ?»

«ውሃው ወገቡ ላይ ደርሷል! ከኋላም አፈሩ ውሃ ጠጥቶ አብጧል፣ እየገፋው ነው!»

ወልደ አማኑኤል የሰማውን ሁሉ እየጮኸ ለገበያው ያወራል። በግ ሻጩ በጉን፣ ጨው ሻጯ ጨውዋን ትተው ከበቡት። የሳቁበትም ሰዎች እዚያው ነበሩ፤ አሁን ግን የሚስቅ የለም።

«ወይኔ፣ ሄደ!» አለ ሰላሃዲን። ጥሩሸዋ «ማርያም!» ብላ ደረቷን መታች።

«የኔ ነው?»

«አይ፣ አለቃው ከታች ያለ ቀዳዳ ያሠራው ድፍኑ ግንብ ነው! ያንተ በየቀዳዳው ውሃ ይተፋል። ቆሟል ወልዴ! ወላሂ ቆሟል!»

ገበያው በእልልታ ተናወጠ። ወልደ አማኑኤል ያገኘውን ሁሉ እያቀፈ ሳመ፤ በማያውቀው ገዢ አንገት ላይም ተጠመጠመ። ደስታው እንባ ሆኖ ወረደ።

ከሰዓት በኋላ ጎርፉ ጎደለ። ድልድዩ ተመርምሮ የሙከራ ባቡር ሲያልፍ ሰላሃዲን ደውሎ ጥሩምባውን አሰማቸው። ባቡር አይቶ የማያውቀው ሞላሌ በስልክ ድምፅ ጨፈረ። ከዚያ አለቃው ስልኩን ተቀበለ።

«የፈረሰውን መልሰህ ትሠራልኛለህ። መቼ ትመጣለህ?»

ወልደ አማኑኤል ሳይመልስ አንድ እጅ ትከሻውን ያዘው። ጋሼ ትዕዛዙ ናቸው።

«ቀዳዳውን በስንት በስንት ተውኸው?»

«በየክንዱ ነው ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሳዩኝ።»

«ይራራቃል። ለእንዲህ ያለ ጎርፍ ጠጋ ጠጋ ማድረግ ነበር።»

ወልደ አማኑኤል ሳቀና ወደ ስልኩ ዞረ። «ነገ እንነሳለን፤ ሁለት ነን» አለ።

አለቃው ሁለተኛው ማን እንደሆነ ሲጠይቅ፣ ጋሼ ትዕዛዙ መዶሻቸውን ሊያመጡ ገበያውን እየሰነጠቁ ወደ ቤታቸው ይገሰግሱ ነበር።