«ድናለች» ብለን የሸኘናት ልጅ

ነጻነት በመጣ ሰሞን ጎዳይፍ በሚባል ሰፈር ውስጥ በምግብ እጦት የተጎዱ ሕፃናትን በሚመግብ አንድ የእርዳታ ድርጅት ተቀጥሬ ሕፃናት እመዝን ነበር። ልጁን ሚዛኑ ላይ አንጠለጥላለሁ፣ ኪሎውን አያለሁ። ከሞላ «ድኗል» እንላለን፤ እናቱ እልል ትላለች፣ እኛ እናጨበጭባለን፣ ወተቱም በዚያው ይቋረጣል። ረጂዎቹ የሚጠይቁን ስንት ልጅ እንደዳነ ብቻ ነበር። ከበራችን ከወጣ በኋላ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም።

ከወሎ የመጣች፣ አውቶቡስ ፌርማታ አጠገብ ሻሂ የምትሸጥ እናት ነበረች። ልጇን አጨብጭበን ሸኘንላት። ክረምቱ ሲገባ ይዛት ተመለሰች። ሳቅፋት እጄ ላይ ምንም አልከበደችኝም። እንደታቀፍኳት ወደ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ።

ኃላፊያችን ከሜዳ የገባ ታጋይ ነበር፤ የሰው ሳንቲም የማይነካ። ጥይት ያልፈራ ሰው ግን ሪፖርት ይፈራል።

«ይህች ልጅ ድና ወጥታለች» አለኝ። «የዳነ መልሰን ከተቀበልን ‘ታዲያ ምን ሠራችሁ’ ይሉናል። ወተቱ ለሁሉም ይቀራል።»

«ዓይንህ እያየ?» አልኩት።

«ሐፍተይ» አለኝ፣ እህቴ ሲል፤ «ውጭ ተራ የሚጠብቁትንም አያለሁ።»

እውነቱን ነበር። ይበልጥ ያናደደኝም ይኸው ነው።

እናትየዋ አልተከራከረችም። «አብሽሪ እቴ፣ አላህ ያውቃል» ብላ እኔኑ አጽናንታ፣ ልጇን አዝላ ሄደች።

ከወራት በኋላ ረጂዎቹ አዲስ ነገር አዘዙ፤ የዳኑት ልጆች ቤታቸው ድረስ እየተሄደ ይመዘኑ ተባለ። እኔ «ደግሞ ሌላ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ» ብዬ አጉረመረምኩ። ኃላፊው ግን ራሱ ሚዛኑን ተሸክሞ ተነሣ። መጀመሪያ ወደ ሻሂ ሻጯ ቤት እንሂድ አልኩት፤ ልቤ እዚያ ነበር።

ደጇ ላይ ተቀምጣ ብርጭቆ ታጥባለች። ሰላምታችንን በደንብ መለሰች። ከዚያ ኃላፊው በትከሻው ያንጠለጠለውን ሚዛን አየች።

«ማንን ልትመዝኑ መጣችሁ?» አለች።

ኃላፊው ሚዛኑን አወረደና እንደ ለቅሶ ደራሽ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ጽንዓት ይሃብኪ» አላት በትግርኛ፤ ያጽናሽ ማለቱ ነው። «አሚን» ብላ ሻሂ ቀዳችልን። እኔ አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም። እሱን ልጠላው ፈልጌ አቃተኝ።

በዚያው ቀን ወደ ሌሎቹ ቤቶች ሄድን። ከስተው ያገኘናቸውን ልጆች ኃላፊው መልሶ አስገባቸው። ያጉረመረምኩበት ምዘና ለእነሱ ደረሰላቸው።

እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ በር ከማንኳኳቴ በፊት ቆም ብዬ፣ ውስጥ የልጅ ድምፅ እንዳለ አዳምጣለሁ።